ጣቱ ካልታዘዘ በምን ይጫን?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ልጄ 16 ዓመቱ ነው። ከደረሰበት አደጋ በኋላ የቀኝ እጁ ጣቶች አይታጠፉም። ክርኑና ትከሻው ግን ይሠራሉ፤ ግራ እጁም ደህና ነው። ድሮ ከወንድሙ ጋር በፕሌይስቴሽን 5 እግር ኳስ ሲጫወቱ ያመሹ ነበር። አሁን ወንድሙ ሲጫወት አጠገቡ ቁጭ ብሎ ያያል። ለአካል ጉዳተኞች የተሠራ ጆይስቲክ አለ ሲባል ሰማሁ። የትኛውን ልግዛለት?
አንዲት እናት

መልስ፦ እናቴ፣ ልጅዎ መጫወት ይችላል። ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ግን አንድ ነገር ይጠይቁልኝ። ሳያመውና ቶሎ ሳይደክመው፣ ደጋግሞ ማንቀሳቀስ የሚችለው የትኛውን የሰውነቱን ክፍል ነው? ጣቱን ለጊዜው ይተዉት። ክርን ሊሆን ይችላል። የመዳፉ ግርጌ፣ ጉልበቱ፣ የእግሩ ጣት፣ አገጩ፣ ሁሉም ይቆጠራሉ። ብዙ ቤተሰብ ከዕቃው ይጀምርና የማይሆን ዕቃ ይገዛል። እኔ ሁልጊዜ ከእንቅስቃሴው ጀምሩ የምለው ለዚህ ነው። የእኔም ቀኝ እጅ አይታዘዝልኝም፤ ሩጫውን የምጫነው በጉልበቴ ነው። ጠረጴዛው ሥር አንድ ትልቅ በተን ተለጥፎልኛል። ጉልበቴን ትንሽ ከፍ ሳደርግ ይጫናል። ተጋጣሚዬ የሚያየው ተጫዋቼ ሲሮጥ ብቻ ነው።

ገንዘብ የማይጠይቀውን እናስቀድም። በፕሌይስቴሽን 5 ቅንብር ውስጥ የተደራሽነት ገጽ አለ። እዚያ ገብቶ የበተኖቹን ቦታ መቀያየር ይቻላል። ለምሳሌ በቀኝ ጣት የሚጫነውን የሩጫ በተን፣ አር2ን፣ ወደ ግራ ወደ ኤል2 ማምጣት ይችላል። ከጌሙ ውስጥም የመቆጣጠሪያ አቀማመጡን ይመልከት። በሁለት በተን ብቻ የሚያጫውት አቀማመጥ ያላቸው የእግር ኳስ ጌሞች አሉ። በዚህ ብቻ ወደ ጨዋታው የሚመለስ ልጅ አለ።

ሁለተኛው ነገር ሁለት ጆይስቲክን እንደ አንድ ማሠራት ነው። የማይክሮሶፍቱ የጌም ማጫወቻ ኤክስቦክስ ይህን በ2017 እ.ኤ.አ. ጀመረው፤ ፕሌይስቴሽን 5 ላይ ደግሞ በ2023 መጣ። ልጅዎ በግራ እጁ አንዱን ይይዛል፤ ተጫዋቹን ያንቀሳቅሳል። ሌላው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ በመዳፉ ግርጌ ይጫነዋል። ወንድሙም ሁለተኛውን ይዞ ሊያግዘው ይችላል። እዚህ ላይ ግን አደራ እላለሁ፤ መጀመሪያ ልጁን ይጠይቁት። ደስ የሚለው ሊሆን ይችላል። ጎሉን ሌላ ሰው ካገባለት ደግሞ ጨርሶ ሊያስጠላው ይችላል። በእሱ ጨዋታ ላይ የሚወስነው እሱ ነው።

አሁን ወደ ጠየቁኝ ዕቃ። ሶኒ በታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. አክሰስ የሚባል መቆጣጠሪያ አውጥቷል፤ ለፕሌይስቴሽን 5 የተሠራ ነው። በእጅ አይያዝም፤ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ክብ ነው። ዙሪያውን 8 በተኖች አሉት፤ መሃል ላይ አንድ ሰፊ፣ በጎኑ ደግሞ አንድ አናሎግ፣ ማለትም ተጫዋቹን ወደፈለጉት አቅጣጫ የሚመሩበት ዱላ አለው። ወደፈለጉት አቅጣጫ ማዞር ይቻላል። የበተኖቹ ክዳን ይነቀላል፤ በሌላ ቅርጽ ይተካል። የሁለት በተን ቦታ የሚሸፍን ሰፊ ክዳን አለ። ወደ መሃል የሚዘልቅም አለ፤ እጁን ብዙ መዘርጋት ለማይችል ሰው ይመቻል። ከተለመደው ጆይስቲክ ጋርም አብሮ ይሠራል። ለልጅዎ የሚጠቅመው ዋናው ይህ ነው።

እኔ ብሆን እንዲህ አስተካክልለታለሁ። ግራ እጁ የለመደውን ጆይስቲክ ይያዝ። አክሰሱ ከቀኝ ክንዱ ሥር፣ በክርኑ ከፍታ ይቀመጥ። በጨዋታ ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚጫነው የማቀበያው በተን ነው፤ እሱን መሃል ላይ አድርጉለት። መዳፉን ዝቅ ማድረግ ብቻ ይበቃዋል። የጎል ምቱ ሰፊ ክዳን ይደረግለትና ትከሻውን ትንሽ ወደ ጎን ሲገፋ የሚያገኘው ቦታ ላይ ይሁን። ሩጫው ለእግር ይሰጥ። አክሰሱ ጎን ላይ 4 የ3.5 ሚሊሜትር ቀዳዳዎች አሉት፤ የድሮ የጆሮ ማዳመጫ የሚሰካበት ዓይነት ማለት ነው። አንዱ ላይ የእግር ፔዳል ይሰካል። ፔዳሉን ይዞ መቆየት ካደከመው፣ አንዴ ሲረግጡት የሚበራ፣ ሲደግሙት የሚጠፋ ሆኖ ሊስተካከል ይችላል።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ከዕቃው እኩል የሚያስፈልገው ማሰሪያው ነው። ሲጫኑት የሚንሸራተት በተን ልብ ያደርቃል። ልጁ ከጨዋታው ይልቅ በተኑን ሲያሳድድ ይውላል። ጠንካራ ቬልክሮ ግዙ፤ አንዱን ወገን ጠረጴዛው ላይ፣ ሌላውን ዕቃው ሥር ለጥፉ። ከዚያ ቦታውን እየቀያየራችሁ ሞክሩ። የሁለት ጣት ያህል መጠጋት ወይም መራቅ ትከሻን ከሕመም ያድናል። ምቹ ቦታ ሲገኝ በጠመኔ ምልክት አድርጉበት፤ ፎቶም አንሡት። ያለዚያ ቤት የተጠረገ ቀን ሁሉም ነገር ከዜሮ ይጀምራል።

ጥያቄ፦ ጡንቻ የሚያዳክም ሕመም አለብኝ። ሁለቱም እጆቼ ይንቀሳቀሳሉ፤ ግን ጥቂት እንደተጫወትኩ ጣቶቼ ይዝላሉ። አር2ንማ ጭራሽ አልችለውም። ልተወው አስቤያለሁ።
የደከመው ተጫዋች

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከመተውህ በፊት ሸክሙን ከጣትህ ላይ እናውርድ። ጆይስቲኩን በእጅህ አትያዘው፤ ክብደቱን ትራስ ወይም ጠረጴዛ ይሸከምልህ። ክንድህም ይደገፍ። ንዝረቱን አጥፋው። ፕሌይስቴሽን 5 ከሆነ አር2ና ኤል2 ሲጫኑ ጣትን መልሶ የሚገፋውን ጉልበትም ከቅንብሩ ማጥፋት ይቻላል፤ ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። ከዚያ አር2 የሚሠራውን ለስላሳ ወደሆነ በተን አዛውረው። ጌምህ ውስጥ «ይዞ መቆየት» የሚለው «አንዴ መጫን» በሚለው የሚቀየር ከሆነ ቀይረው። የአናሎጉን ስሜታዊነትም ከፍ አድርገው፤ በትንሽ ግፊት ብዙ ይሄዳል።

ይህ ካልበቃህና የምትጫወተው በኤክስቦክስ ወይም በኮምፒውተር ከሆነ፣ ማይክሮሶፍት በ2018 እ.ኤ.አ. ያወጣውን አዳፕቲቭ ኮንትሮለር ተመልከት። ፊቱ ላይ ሁለት ትልልቅ በተኖች አሉት፤ ጀርባው ላይ 19 ቀዳዳዎች ተደርድረዋል። እያንዳንዱ ቀዳዳ የአንድ በተንን ሥራ ይሠራል፤ የሚመችህን በተን ትሰካበታለህ። ለአንተ የምመርጠው በጣም በቀላል ንክኪ የሚሠራውን ዓይነት ነው። ሎጂቴክ በ2019 ለዚሁ መቆጣጠሪያ ብሎ ባወጣው ስብስብ ውስጥ እንዲህ ዓይነት በተኖች አሉ። የአዳፕቲቭ ኮንትሮለሩ ሳጥን እንኳን ያለ መቀስና ያለ ጥርስ፣ ቀለበት እየሳቡ እንዲከፈት ሆኖ ነው የተሠራው። ሳየው ልቤን ነክቶታል። ዕቃውን ሲሠሩ እንደ ኤብልጌመርስና ስፔሻልኢፌክት ያሉ፣ ከአካል ጉዳተኛ ተጫዋቾች ጋር የሚሠሩ ድርጅቶችን አማክረዋል፤ ያ ምክር ሳጥኑ ላይ ሳይቀር ይታያል።

ሐሳቡ ግን አዲስ አይደለም። የጃፓኑ ጌም ሠሪ ኔንቴንዶ በ1989 እ.ኤ.አ. ደረት ላይ የሚታሰር መቆጣጠሪያ ሠርቶ ነበር። አቅጣጫው በአገጭ ይመራል፤ በተኖቹ በቱቦ ውስጥ አየር በመሳብና እፍ በማለት ይሠራሉ። ዛሬም ኳድስቲክ የሚባለው በአፍ የሚሠራ መቆጣጠሪያ በዚሁ መንገድ ነው የሚሠራው። ከአንገት በታች የማይንቀሳቀስ ሰው ይጫወትበታል። በመሃሉ ባሉት ዓመታት ሸክሙን የተሸከሙት በአብዛኛው ጆይስቲክ እየፈቱ ሽቦ የሚቀጥሉ በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። ይህን ያህል መዘግየቱ ያናድደኛል።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። ጣትህ እስኪዝል አትጠብቅ። ገና ደህና ሳለህ አቁመህ አርፈህ ተመለስ። ለውጡን ለሐኪምህ ወይም ለፊዚዮቴራፒ ባለሙያህ ንገረው፤ የትኛው እንቅስቃሴ እንደሚጎዳህ ከእኔ ይልቅ የሚያውቀው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ የኤሌክትሮኒክስ ተማሪ ነኝ። ጓደኛዬ አዳፕቲቭ ኮንትሮለር አግኝቷል፤ የሚሰኩት በተኖች ግን ውድ ሆኑበት። እኔ ልሠራለት እችላለሁ?

መልስ፦ በደንብ ትችላለህ! ዕቃው ጥቂት ነው። የ3.5 ሚሊሜትር ሞኖ ጃክ፣ ሁለት ገመድ ያለው ሽቦ፣ ሲጫኑት ብቻ የሚያገናኝ በተን። ተጭኖ የሚቀር ማብሪያ ማጥፊያ አትጠቀም። ሁለቱን ገመዶች ከበተኑ ሁለት እግሮችና ከጃኩ ጋር በስታኞ አያይዝ። የቱ ገመድ የቱ እግር ላይ ቢሆን ለውጥ የለውም፤ ባትሪም አያስፈልግም። በመልቲሜትር ለካው፤ ሲጫን መገናኘት፣ ሲለቀቅ መለያየት አለበት።

ሽቦው ወደ በተኑ ቤት የሚገባበት ቦታ ላይ፣ ከውስጥ በኩል ቋጠሮ ቋጥርበት። በእግር የሚረገጥ ወይም በክርን የሚመታ ዕቃ ሽቦው መጎተቱ አይቀርም፤ ቋጠሮ ከሌለው የሚበጠሰው ስታኞው ላይ ነው። ሽቦውንም ረዘም አድርገው፤ ጓደኛህ በተኑን የት እንደሚያደርገው ገና አታውቅም። ሁለት ሦስት የጥንካሬ ዓይነት ገዝተህ መጀመሪያ እሱ ይጫናቸው። ለአንተ ጣት የሚቀል በተን ለእሱ ሊከብደው ይችላል። እጁ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ጠንከር ያለውን ስጠው፤ ሳያስበው እንዳይጫንበት ዙሪያውን ከፍ ያለ ጠርዝ አድርግለት።