ማሽኑ ሲቆም ጎንደር ድረስ ማን ይመጣል?

ዶክተር፣ በቅድሚያ እንኳን ደስ አለሽ። ማራኪ አካባቢ ክሊኒክ ልትከፍቺ ነው፤ ከሦስት የሕክምና ዕቃ አቅራቢዎች ፕሮፎርማ ሰብስበሽ፣ ከዋጋው ሌላ ምን ልይ ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። እዚሁ ጎንደር ከጓደኛዬ ጋር ክሊኒክ ከከፈትን ቆየን። የማውቀውን ያወቅኩት ከኪሴ ከፍዬ ስለሆነ ትንሽ ላስረዝምብሽ ነው።

እኛ ስንጀምር ያየነው ዋጋ ብቻ ነበር። ረከስ ያለ የሲቢሲ ማሽን (የደም ሴሎችን የሚቆጥረውን) አገኘንና ገዛን። አቅራቢው አዲስ አበባ ነው። እስኪሸጥልን ድረስ በቀን አምስት ጊዜ ይደውል ነበር። ማሽኑ አራት ወር ያህል ምንም አላለም። ከዚያ ሪኤጀንቱ፣ ማሽኑ ለምርመራ የሚጠቀምበት ኬሚካል፣ አለቀ። ከሌላ ቦታ ገዝተን ብንሰጠው ማሽኑ አልቀበልም አለ። ለካ ከራሱ ፋብሪካ ሪኤጀንት ሌላ አይሠራም፤ እሱን የሚያስመጣው ደግሞ ያው የሸጠልን ሰው ብቻ ነው። እሱም ዘንድ አልቋል። «ጂቡቲ ደርሷል» ተባልን። ሁለት ወር ሙሉ ጂቡቲ ደረሰ። እኛ ታካሚውን ለደም ምርመራ ሌላ ክሊኒክ ስንልክ ከረምን። ግማሹ በዚያው ቀረ። ምን ያድርግ?

ስለዚህ ለሦስቱም ደውዪና መጀመሪያ ይህን ጠይቂ፦ ማሽኑ የሌላ ፋብሪካ ሪኤጀንት ይቀበላል? ካልተቀበለ ከእናንተ ሌላ ማን ያስመጣዋል? «እኛ ብቻ» ካሉሽ ከአቅራቢው ጋር ተጋብታችኋል ማለት ነው፤ በደንብ አስቢበት። አንድ ምርመራ በሪኤጀንት ብቻ ስንት እንደሚያስወጣም አስልተው ይስጡሽ። ማሽኑን በርካሽ ሰጥቶ ሪኤጀንቱ ላይ የሚያካክስ ሞልቷል።

ቀጥሎ የቴክኒሻኑ ነገር ነው። ከአዲስ አበባ ጎንደር በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ፕሮፎርማው ላይ «ዋስትና 1 ዓመት» ይላል። የቴክኒሻኑን የአውሮፕላን ትኬትና አልጋ ማን እንደሚከፍል ግን አይልም። እኛ ላይ ሲደርስ ከፋዮቹ እኛ ሆነን አረፍነው። በዋስትናው ጊዜ በራሳቸው ወጪ ጎንደር መጥተው እንደሚጠግኑ፣ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚመጡም ጭምር ውሉ ላይ ይጻፍ። ለመጻፍ ካንገራገሩ ተዪያቸው። ጎንደር ወይም ባሕር ዳር ሰው ያለው አቅራቢ ካገኘሽ፣ ቢወደድም እኔ እሱን እመርጣለሁ። ክፍያውንም ሙሉ በሙሉ አትልቀቂ። ማሽኑ ተተክሎ የሚሠሩበት ልጆችሽ ሠልጥነው እስኪያልቅ የተወሰነውን ያዢ።

ለአልጋ፣ ለሚዛን፣ ለግፊት መለኪያ ብዙ አትጨነቂ። ማይክሮስኮፕ ግን በፎቶ አይገዛም። መተማና ሁመራ ሠርቶ ትኩሳት ይዞት የሚመጣ ሰው እዚህ ብዙ ነው፤ የወባ ስላይድ ይዘሽ ሂጂና በ100ው ሌንስ ራስሽ እዪበት።

ሻጭ የማይነግርሽ ነገር ደግሞ ኦቶክሌቭ (የሕክምና ዕቃ በእንፋሎት የሚያመክነው) ላይ አለ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ውኃ እንኳ እዚህ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ተራው ኦቶክሌቭ መመሪያው ላይ ግፊቱ 15 ፒኤስአይ ይሁን ይላል፤ ያ ለባሕር ዳርቻ አገር ነው። እኛ ዘንድ ጌጁ (የግፊት መለኪያው) 15 ሲያነብ ውስጡ ያለው ሙቀት 117 ዲግሪ ገደማ ነው እንጂ ለማምከን የሚፈለገው 121 አይገባም። 121 እንዲደርስ ጌጁ ከ18 ማለፍ አለበት። ሴፍቲ ቫልቩ (ግፊት ሲበዛ እንፋሎት የሚያስወጣው) ከዚያ በፊት የሚከፈት ከሆነ ዕቃው ለጎንደር አይሆንም። ግፊቱን ብቻ ሳይሆን ሙቀቱንም የሚያሳይ ግዢ። ኦክስጅን ኮንሰንትሬተር (ከአየር ኦክስጅን የሚለየውን) ከገዛሽም እስከ ስንት ሜትር ከፍታ እንደሚሠራ መመሪያው ላይ ፈልጊ።

መብራቱን ራስሽ ታውቂዋለሽ። ስታቢላይዘርና (ቮልቴጁን የሚያስተካክለው) ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው የሚይዘው ባትሪ) ፕሮፎርማው ውስጥ መኖራቸውን አረጋግጪ፤ አለዚያ ሌላ ዕዳ ነው። ከአሜሪካ ዘመድ የሚልክልሽ ዕቃ ካለ ለ110 ቮልት የተሠራ እንዳይሆን፤ የኛው 220 ነው። ፈቃዱንም አትርሺ፦ አስመጪውም ዕቃውም በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የታወቁ መሆናቸውን የሚያሳይ ወረቀት ኮፒ ጠይቂ። ሕጋዊ የሆነ ሰው ሲጠየቅ አይቆጣም።

በመጨረሻ ሦስቱንም «ከእናንተ የገዛ የጎንደር ክሊኒክ ስልክ ስጡኝ» በያቸው። ስትደውዪ ታዲያ ማሽኑ ላይ የሚሠራውን ልጅ አናግሪ። የክሊኒኩ ባለቤት ተታለልኩ ለማለት ያፍራል። እኔ ራሴ የዚያን ሲቢሲ ዋጋ እስከ ዛሬ ለባለቤቴ አልነገርኳትም።