ድቅል ጭራቅ ምን ይበላል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የምንመልሰው ለምናባዊ የሚና ጨዋታዎች ድቅል ጭራቆችን ስለ መፍጠርና ስለ መሣል ከአንባቢያን የደረሱንን ደብዳቤዎች ነው። የሚና ጨዋታ የምንለው ጥቂት ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው፣ አንዱ ታሪኩን እየመራ፣ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው የአንድ ገጸ ባሕርይን ሚና ይዘው ዕድላቸውን በዳይስ እየሞከሩ የሚጫወቱትን ነው፤ ከእነዚህ ጨዋታዎች ቀዳሚው በ1974 አሜሪካ ውስጥ የታተመው ደንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ ነው። ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፈናል።

ጥያቄ፦ ሥዕል የምማር ወጣት ነኝ። ከጓደኞቼ ጋር ለምንጫወተው ጨዋታ የጅብ ራስና አካል፣ የንስር ክንፍ፣ የጊንጥ ጅራት፣ የአዞ ቆዳና የዋልያ ቀንድ ያለው ጭራቅ ሠራሁ። እያንዳንዱን ክፍል ከፎቶግራፍ እያየሁ በጥንቃቄ ብሥለውም ያዩት ሁሉ «ተቆራርጦ የተለጠፈ ይመስላል» አሉኝ። ስሕተቱ የት ላይ ነው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ክፍሎቹን በጥንቃቄ እንደ ሣሉ እናምናለን፤ ችግሩ የገባው እርሳስ ከማንሣትዎ በፊት ይመስለናል። አምስቱ እንስሳት እኩል ሥልጣን ይዘዋል፣ አንዱም ለሌላው አልገበረም። ድቅል ፍጡር በዐይን ፊት ሕያው ሆኖ የሚቆመው ከእንስሳቱ አንዱ አጽሙንና አኗኗሩን ሲገዛ፣ ሌሎቹ ደግሞ ለእርሱ አኗኗር የሚጠቅመውን ብቻ ሲያዋጡ ነው።

በጨዋታው ዓለም እጅግ ከታወቁት ድቅሎች አንዱ የሆነውን አውልቤርን፣ ማለትም ጉጉት-ድብን ይመልከቱ። የመነሻ ሐሳቡ የመጣው ከሆንግ ኮንግ ከተገኘ ርካሽ የፕላስቲክ አሻንጉሊት ሲሆን፣ ከጨዋታው ፈጣሪዎች አንዱ የነበረው ጌሪ ጋይጋክስ ለአሻንጉሊቱ ስምና ባሕርይ ሰጥቶት በ1975 በታተመው ግሬይሆክ በተባለው ተጨማሪ መጽሐፍ ውስጥ አስገባው። የተዋሐዱት ሁለት እንስሳት ብቻ ናቸው፣ ድርሻቸውም እኩል አይደለም። አካሉ፣ ክብደቱ፣ አረማመዱና መዳፉ የድብ ነው፤ ጉጉት የሚያዋጣው ምንቃሩን፣ ፊት ለፊት የሚያዩትን ትልልቅ ዐይኖቹንና ላባውን ነው። ክንፍ የለውም። ጉጉት ሲባል ቀድሞ ወደ ሐሳብ የሚመጣው በሌሊት መብረሩ ሆኖ ሳለ ክንፉን መተው ቀላል ውሳኔ አይደለም፤ ክንፉ ቢጨመር ግን ድቡ ድብነቱን ያጣ ነበር። በ2014 በወጣው አምስተኛው የሕግ እትም ይኸው ፍጡር ከሌሎች አጥብቆ የሚያይና የሚያሸት ሆኖ ቀርቧል፣ ማየቱ ከጉጉት፣ ማሽተቱ ከድብ እንደ መጣም ማንኛውም ተጫዋች ሳይነገረው ይረዳዋል።

አሁን ወደ እርስዎ ጭራቅ እንመለስ። ከአምስቱ ለንግሥና የሚበቃው ጅቡ ነው ብለን እናምናለን። የፊት እግሮቹ ከኋላዎቹ ስለሚረዝሙ ጀርባው ወደ ታች ያዘቀዝቃል፣ አንገቱ ወፍራም ነው፣ መንጋጋው አጥንት ይሰብራል፤ የሚውጠው አጥንት ብዙ ከመሆኑ የተነሣ ኩሱ ሲደርቅ ነጭ ይሆናል። እንግዲህ እያንዳንዱን ተጨማሪ ክፍል በዚህ አኗኗር ይመዝኑት። ጅብ ራሱን በድን ውስጥ አግብቶ የሚበላ እንስሳ ነው፤ ወደ ኋላ የተቆለመመ የዋልያ ቀንድ በጎድን አጥንቶች መካከል ይያዝበታልና ቀንዱን ይተዉት። ሌሊቱን ሙሉ በእግሩ የሚጓዝና ከሩቅ የሚያሸት አውሬ ክንፍ አያስፈልገውም። የአዞው ቆዳ ግን ግሩም ሐሳብ ነው፣ ሁሉንም ገላ ካልሸፈነ። አዞ በጀርባው ላይ የተደረደሩ ጠንካራ ጉብታዎች አሉት፣ ጅብም በዚያው ቦታ፣ ከማጅራቱ ጀምሮ በጀርባው ላይ፣ ሲቆጣ የሚቆም ጋማ አለው፤ በጋማው ምትክ እነዚያን ጉብታዎች ቢደረድሩ ሁለቱ እንስሳት አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ። የጊንጡን ጅራት ማስቀረት ከፈለጉ የአደኑ ዘዴ ያድርጉት፦ አውሬው አንዴ ነድፎ ይተዋል፣ ከዚያም የተነደፈው እስኪወድቅ ድረስ በርቀት ይከተለዋል። ተጫዋቾችዎን የሚያስፈራቸውም ይህ ዓይነቱ ጠባይ ነው።

ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ምናባዊ እንስሳ ተፈጥሯዊ መስሎ እንዲታይ ለሚፈልግ ሠዓሊ ሲመክር፣ ዘንዶ ለመሥራት የትልቅ ውሻ ራስ፣ የድመት ዐይን፣ የጃርት ጆሮ፣ የአንበሳ ቅንድብና የኤሊ አንገት ውሰድ ብሏል። ብዙዎች ይህን ምክር ብዙ እንስሳ እንዲደባልቁ የተሰጠ ፈቃድ አድርገው ይወስዱታል። እኛ ግን ልብ የምንለው ሌላ ነገር ነው፤ ዐይን በዐይን ቦታ፣ ጆሮ በጆሮ ቦታ ገብቷል፣ ሁሉም የአንድ ራስን መጠን ጠብቀዋል። ንድፍዎን ከጨረሱ በኋላ ገላውን በሙሉ በጥቁር ቀለም ሞልተው ከርቀት ይመልከቱት። ገዥው እንስሳ በጥቁሩ ቅርጽ ብቻ ካልታወቀ ዝርዝሩ አያድነውም።

ጥያቄ፦ አራት እግር ባለው እንስሳ ላይ ክንፍ ስጨምር ሁልጊዜ በጀርባው ላይ የተሰካ ይመስላል። ጸጉር አልቆ ላባ ወይም ቅርፊት የሚጀምርበትንስ ቦታ እንዴት ልሣለው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ክንፉ የተሰካ የሚመስለው ትከሻ ስለሌለው ነው። የጀርባ አጥንት ያላቸው እንስሳት ከአራት በላይ እጅና እግር የላቸውም፤ የወፍም ሆነ የሌሊት ወፍ ክንፍ የተለወጠ ክንድ ነው። አራት እግርና ሁለት ክንፍ ያለው ፍጡር ሲሥሉ በተፈጥሮ የሌለ ሁለተኛ ጥንድ ትከሻ እየፈጠሩ ነው፣ ስለዚህ አጥንቱንም ጡንቻውንም አብረው መፍጠር አለብዎት። ወፍ ክንፏን የምታወርድበት ትልቁ ጡንቻ የተያያዘው ከደረቷ አጥንት ጋር ነው። በመሆኑም ክንፍ ያለው አንበሳ ደረቱ ወደ ታች የጠለቀና የሰፋ ይሁን፣ የክንፉም ሥር ከጀርባው መካከል ሳይሆን ከፊት ትከሻው ጀርባ ይነሣ።

ሁለተኛው መንገድ ክንፎቹን የፊት እግር ማድረግ ነው፣ እኛም ይህን እንመርጣለን። ከበረሩት እንስሳት ሁሉ ትልልቅ ከሆኑት አንዱ የነበረው፣ በዳይኖሰሮች ዘመን የኖረው ኬትሳልኮአትለስ የክንፉ ስፋት 10 ሜትር ያህል ሲደርስ፣ መሬት ላይ ግን ክንፉን አጥፎ በአራት እግር ይራመድ ነበር። ስለ ክብደትም አንድ ነገር ያስታውሱ፤ ዛሬ ከሚበርሩት ወፎች እጅግ ከባድ ከሆኑት አንዱ የሆነው የአፍሪካው ኮሪ ባስተርድ ከ18 ኪሎ ግራም ገደማ ብዙ አያልፍም፣ ወንድ አንበሳ ግን ከ150 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። በጨዋታው ውስጥ አስማት ስላለ አንበሳዎ ይብረር፤ ነገር ግን ለትልቁ ገላ ትንሽ ክንፍ ከሰጡት ተመልካቹ አስማቱንም አይቀበለውም።

ደንቡን አውቆ መጣስም ይቻላል። በንጉሥ ሳርጎን ሁለተኛ ዘመን፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ8ኛው መቶ ዓመት፣ በዛሬዋ ኢራቅ በኮርሳባድ የቆሙት የአሦር በር ጠባቂዎች የሰው ራስ፣ የበሬ አካልና የንስር ክንፍ አላቸው፤ እግራቸው ደግሞ አምስት ነው። ከፊት ለሚመጣ ሰው ሁለቱን የፊት እግሮች ገጥመው ቆመው ይታያሉ፣ በጎናቸው ለሚያልፍ ደግሞ አራት እግራቸውን እያንቀሳቀሱ የሚራመዱ ይመስላሉ። ቀራጮቹ አምስተኛውን እግር የጨመሩት ተመልካቹ የሚቆምበትን ቦታ አስቀድመው ስላሰቡ ነው፣ እርስዎም ጭራቁ በየትኛው ጎኑ ለተጫዋቾች እንደሚገለጥ አስቀድመው ይወስኑ።

ስለ ጸጉርና ቅርፊት መገናኛ የሚሻለው አስተማሪ በጓሮዎ የምትገኘው ዶሮ ናት። ከላይ ላባ፣ ከታች ቅርፊት በአንድ እግር ላይ አለ፤ መለያያውም በመገጣጠሚያው አጠገብ ነው። ጥንብ አንሣ ደግሞ የተራቆተ አንገቱ ከላባው ጋር በሚገናኝበት ቦታ እንደ አንገትጌ የቆመ ላባ አለው። ተፈጥሮ ልብሷን የምትቀይረው በአንገት፣ በክርን፣ በቁርጭምጭሚትና በጅራት ሥር ስለሆነ መስመርዎን እዚያ ያስቡት፤ በጎን መካከል፣ በሰፊ ሥጋ ላይ የተሠመረ ድንበር ግን የስፌት ያህል ይታያል። ደግሞም ብዙ ጀማሪዎች የውሻን ወይም የፈረስን የኋላ እግር ሲሥሉ ወደ ኋላ የታጠፈ ጉልበት አድርገው ያስባሉ። እርሱ ተረከዙ ነው፤ ጉልበቱ ከሆዱ አጠገብ፣ ከፍ ብሎ ይገኛል።

ጥያቄ፦ የምኖረው በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እዚህ ለተወለዱት ልጆቼና ለጓደኞቻቸው ቅዳሜ ቅዳሜ ጨዋታውን የምመራው እኔ ነኝ። ከአገራችን ትውፊት የተወሰዱ ድቅሎችን ማስገባት ፈልጌ ወደ ጅብነት የሚለወጠው ሰውና አርባዕቱ እንስሳ ታወሱኝ፤ ተገቢነቱን ግን ተጠራጠርሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ? (ከአሜሪካ)

መልስ፦ መጠራጠርዎ ተገቢ ነው። የሰው፣ የአንበሳ፣ የላምና የንስር ገጽ ያላቸው አርባዕቱ እንስሳ የእግዚአብሔርን ዙፋን የሚሸከሙ፣ ምእመናን ኅዳር 8 ቀን በዓላቸውን የሚያከብሩላቸው ናቸውና ልጆች በሰይፍ የሚገጥሟቸው ባላጋራ ሊሆኑ አይገባም። ከቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን የሚወስዱት የአሣሣል ትምህርት ግን ብዙ ነው። በዚያ ትውፊት ቅዱሳን ሁለት ዐይናቸው እየታየ ሲሣሉ፣ ክፉዎች በጎን፣ በአንድ ዐይን ብቻ ይታያሉ። ጭራቅዎን በመጀመሪያው ሥዕል በጎን፣ ልጆቹ እውነቱን በሚያውቁበት ጊዜ ደግሞ ፊቱን አዙሮ ቢያሳዩት፣ ምንም ቃል ሳይጨመር ብዙ ይነገራል።

ወደ ጅብነት ስለሚለወጠው ሰው የበለጠ ጥንቃቄ እንጠይቅዎታለን። ቀጥቃጮች፣ ሸክላ ሠሪዎች፣ ፋቂዎችና ቤተ እስራኤል «ቡዳ ናቸው፣ በሌሊት ጅብ ይሆናሉ» እየተባሉ ለዘመናት ተገልለዋል፤ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ዛሬ በመካከላችን አሉ፣ ምናልባትም በእርስዎ ጠረጴዛ ዙሪያ። በደንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ በ1977 ከታተመው ሞንስተር ማኑዋል ጀምሮ ኖል የሚባሉ ጅብ መሳይ ፍጡራን ስላሉ የጅቡ መልክ አዲስ አይደለም። እርሱን ይጠቀሙ፤ የመለወጡን ምክንያት ግን ከሙያም ከዘርም ፈጽመው ያርቁት።

በምትኩ እኛ ከሁሉ የምንወደውን ድቅል እናቀርብልዎታለን። በግሪክኛ ተጽፎ በጥንት ዘመን ወደ ግእዝ የተመለሰው ፊሳልጎስ የተባለው የእንስሳት መጽሐፍ ከፊቱ አንበሳ፣ ከኋላው ጉንዳን ስለሆነ ፍጡር ይናገራል። አባቱ ሥጋ ይበላል፣ እናቱ እህል ትበላለች፤ እርሱ ግን በእናቱ ባሕርይ ምክንያት ሥጋ፣ በአባቱ ባሕርይ ምክንያት እህል መብላት ስለማይችል በረሃብ ይሞታል። ለመጀመሪያው ጠያቂያችን ስለ አኗኗር የሰጠነው ምክር እዚህ ተገልብጦ ይታያል፤ ሁለቱ እንስሳት አለመስማማታቸው ራሱ የፍጡሩ ታሪክ ሆኗል።

ሲሥሉት የጉንዳንን አካል በደንብ ያጥኑ። የጉንዳን ስድስት እግሮች ሁሉ የሚነሡት ከደረቱ ነው፣ ትልቁ የኋላ ክፍል እግር የለውም። አንበሳው እስከ ወገቡ ከደረሰ እንግዲህ ፍጡሩ ያንን ከባድ ኋላውን በሁለት መዳፉ መሬት ለመሬት እየጎተተ ይሄዳል፤ ከአንበሳው ራሱንና የፊት እግሮቹን ብቻ ከወሰዱ ደግሞ አራት ቀጫጭን የጉንዳን እግሮች ይቀሩለታል። የመጀመሪያው ያሳዝናል፣ ሁለተኛው ያስፈራል። ከዚህ በላይ፣ ያደገ ጉንዳን ጠጣር ምግብ አይውጥም፣ ወደ ሆዱ የሚያልፈውም በዚያች ቀጭን ወገብ በኩል የሚፈስ ነገር ብቻ ነው። በአንበሳ አፍ የተጎረሰ ሥጋ በዚያ አያልፍም። ስለዚህ ጋማው የሳሳ፣ ጎድኑ የሚቆጠር፣ ወገቡ የመጨረሻው ስስ ነገር ሆኖ ይሣል፤ ልጆቹንም እንዲገድሉት ሳይሆን የሚበላው ነገር እንዲያገኙለት ይጠይቋቸው። ማር፣ ወተት ወይም መረቅ ያሰበ ልጅ ሽልማት ይገባዋል።

ጥያቄ፦ የፈጠርኋቸውን ጭራቆች ከሥዕላቸው ጋር በመጽሐፍ አሳትሜ ብሸጥ እከሰስ ይሆን? (ከአዳማ)

መልስ፦ ራስዎ የፈጠሩት ፍጡርና ራስዎ የሣሉት ሥዕል የእርስዎ ነው። የጨዋታውን ሕግ በተመለከተ፣ ባለቤቱ ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት የአምስተኛውን እትም መሠረታዊ የሕግ ሰነድ በጥር 2023 በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ለሁሉም ለቅቆታል። ምንጩን በፈቃዱ እንደታዘዘው እስከ ጠቀሱ ድረስ ለሽያጭ በሚቀርብ መጽሐፍም ሊጠቀሙበት ይችላሉ፣ ጉጉት-ድብም በዚያ ሰነድ ውስጥ ይገኛል። ፈቃዱ የጨዋታውን የንግድ ምልክት አይጨምርም፤ በኩባንያው መጻሕፍት ውስጥ ያሉትንም ሥዕሎች መቅዳት አይፈቀድም። ለኅትመት የሚሰጡትን የሥዕል ፋይል በሚታተምበት መጠን 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) አድርገው ያስቀምጡት፣ ቀለሙንም ከማተሚያ ቤቱ ጋር በናሙና ወረቀት ላይ አስቀድመው ያረጋግጡ፤ በስክሪን ላይ በግልጽ የሚታይ የጥቁር ጸጉር ዝርዝር በወረቀት ላይ ብዙ ጊዜ ይጠፋል።