ለፍሪጁ ውሃ ከሮቶ ከመሳብሽ በፊት

ሰላም እህቴ። ወንድምሽ ከሳዑዲ በሩ ላይ ውሃና በረዶ ማውጫ ያለው ባለ ሁለት በር ፍሪጅ ላከልሽ። ኮምቦልቻ ያለው ቧንቧ ሰራተኛ ደግሞ «ውሃውን ከሮቶው እስበዋለሁ፣ የግማሽ ሰዓት ስራ ነው» አለሽ። ልመነው ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። የግማሽ ሰዓቱን እመኚው። ስለ ሮቶው ግን ትንሽ ቆይ በይው።

እኔ ደሴ ነኝ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ። እንዲህ ዓይነት ፍሪጅ ቤቴ ከገባ ሦስት ዓመት ሆነው። ጎረቤት ያኔ «በዚህ ብርድ በረዶ ምን ያደርግልሃል?» ብሎ ስቆብኛል። እውነቱን ነው፣ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ንፋስ ለኛ ይበቃናል። ኮምቦልቻ ግን ሞቃት ነው፣ አንቺ ትጠቀሚበታለሽ። በተለይ ረመዳን ላይ።

እኔም መጀመሪያ ከሮቶው ነው የሳብኩት። ሁሉም ነገር ተገጠመ፣ ምንም አልፈሰሰም፣ ሻይ ጠጥተን ተለያየን። በማግስቱ የበረዶውን ሳጥን ስከፍት እንደ ጥፍር የሳሳ፣ መሃሉ ባዶ የሆነ በረዶ አገኘሁ። በሩ ላይ ያለው ውሃ ደግሞ አንድ ብርጭቆ ለመሙላት ዘመን ይፈጃል። ልጄ ብርጭቆዋን ደግፋ ቆማ ቆማ ሰልችቷት ሄደች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፍሪጁ ጀርባ ላይ በመብራት የሚከፈትና የሚዘጋ ትንሽ ቫልቭ አለ። ይቺ ቫልቭ ውሃ ስለደረሳት ብቻ በትክክል አትሰራም፣ ግፊት ትፈልጋለች። አብዛኞቹ ፍሪጆች ቢያንስ ከ20 እስከ 30 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ይጠይቃሉ። ጣሪያው ደግሞ 120 አካባቢ ነው። ያንቺ ስንት እንደሚል ማንዋሉ ላይ ተጽፏል፣ እሱን እይ። 20 ፒኤስአይ በሌላው የግፊት መለኪያ፣ በባር፣ 1.4 ገደማ ነው። ውሃ በየ10 ሜትሩ ከፍታ የሚሰጠው ግፊት ደግሞ ወደ 1 ባር ነው። እንግዲህ አስቢው፣ ሮቶሽ ከፍሪጁ በ14 ሜትር ከፍ ማለት አለበት። አራት ፎቅ ላይ መስቀል ማለት ነው! የኔ ሮቶ የብረት ማማ ላይ ሆኖ እንኳ ከፍሪጁ ጀርባ ሲለካ 4 ሜትር ቢሆን ነው። 0.4 ባር። ሻወር ይወርዳል፣ ሳህን ይታጠባል፣ ፍሪጁ ግን አይጠግብም።

ግፊቱ ሲያንስ ቀስ ብሎ ይሞላል እንጂ ምን ይሆናል ብለሽ እንዳታልፊው። ቫልቯ ስትዘጋ ጥብቅ የሚያደርጋት ያው የውሃው ግፊት ነው። እሱ ከሌለ ጠብ ጠብ ትላለች። ያ ጠብታ ወደ በረዶ መስሪያው በሚወስደው ቀጭን ቱቦ ውስጥ በረዶ ሆኖ ይረጋና መንገዱን ይዘጋል። እኔ ይሄ ደርሶብኝ ፍሪጁን አጥፍቼ በፀጉር ማድረቂያ ሳቀልጥ አመሸሁ። ባለቤቴ ያን ቀን ያለችኝን እዚህ አልጽፈውም።

«ታዲያ በቀጥታ ከመስመሩ ይሳባ» ትዪ ይሆናል። እኔም ብያለሁ። መስመሩ ግፊት አለው፣ ችግሩ ፈረቃው ነው። ቧንቧ ውሃ የሚባል ሰፈር ባለበት ከተማ የቧንቧ ውሃ ጠብቀን ነው የምንቀዳው። ውሃው ቆይቶ ሲመጣ መጀመሪያ አየር ነው የሚመጣው፣ ቧንቧው ያስላል፣ ይንፈቀፈቃል። ከዚያ ቡናማው ይከተላል። ለባልዲ ችግር የለም፣ ትደፊዋለሽ። ፍሪጁ ግን ምን እንደመጣለት አያውቅም፣ ይጠጣዋል። ከአራት ወር በኋላ የቫልቯን መግቢያ ፈትቼ ትንሿን ወንፊት አወጣኋት። የጣት ጥፍር ታክላለች። ጭቃው የቡና አተላ መስሎ ተለጥፎባታል። በጥርስ ብሩሽ ነው ያጸዳኋት።

ሁለተኛው ጣጣ ሌሊት ነው የመጣው። የገጠመልኝ ልጅ የፕላስቲኩን ማያያዣ በትልቁ የቧንቧ መፍቻ አጥብቆት ነበር። ፕላስቲክ በእጅ ነው የሚጠብቀው፣ ቢበዛ ሩብ ዙር መጨመር ነው። ያኔ ውሃ ስላልነበረ ስንጥቁ አልታየም። ከሦስት ቀን በኋላ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ውሃው በሙሉ ኃይሉ መጣ። እኛ ተኝተናል። ጠዋት ከአልጋ ስወርድ እግሬ ያረፈው ውሃ ላይ ነው። የሳሎኑን ምንጣፍ ለሁለት ተሸክመን አውጥተን አጥር ላይ አሰጣነው። ስለዚህ ውሃ በሌለበት ቀን የተገጠመ ነገር አልተሞከረም በይ። ሰራተኛውን ሳትሸኚ ውሃው በግፊት መጥቶ ማያያዣዎቹን ሁሉ በደረቅ ሶፍት እየነካሽ ፈትሺ። ሶፍት ላይ ትንሽ እርጥበት እንኳ ይታያል።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ። ቤትሽ ውስጥ ከሮቶው ወደ ሻወር የሚገፋ፣ ቧንቧ ሲከፈት በራሱ የሚነሳ ፓምፕ ካለሽ ነገሩ አልቋል። ከፓምፑ በኋላ ካለው የቀዝቃዛ ውሃ መስመር ላይ በቲ (መስመሩን ለሁለት በሚከፍል ባለ ሦስት አፍ ማያያዣ) ይሳብ። ከቲው ቀጥሎ የራሱ መዝጊያ ቫልቭ ይኑረው፣ እጅሽ የሚደርስበት ቦታ። ቧንቧውን በስቶ የሚያያዝ ርካሽ ማያያዣ አለ፣ እሱን አልፈልግም በይ። ቀዳዳው ጠባብ ነው፣ ቶሎ ይደፈናል፣ ውሎ አድሮም ያንጠባጥባል። ከፍሪጁ በፊት 5 ማይክሮን የደለል ማጣሪያ አስገቢ፣ ጭቃው እዚያ ይቅር።

ፓምፕ ከሌለሽ ለአንድ ፍሪጅ ብለሽ ትልቅ ፓምፕ አትግዢ። እኔ በመጨረሻ ያደረግኩት ይሄን ነው። ባለ 20 ሊትር የውሃ ጀሪካን ከፍሪጁ ጎን ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩ፣ በላዩ ላይ በቤት የውሃ ማጣሪያዎች ውስጥ ያለችውን ዓይነት ትንሽ ፓምፕ ገጠምኩ። ግፊት ሲሞላ በራሷ የምትቆም መሆን አለባት፣ ይሄን ሳታረጋግጪ አትግዢ። ጀሪካኑ ሲያልቅ ታጥቦ ይሞላል። ቢፈስ እንኳ ከ20 ሊትር አያልፍም፣ ምንጣፉ ይተርፋል። የፈላ ወይም የታከመ ውሃ ነው የምንሞላበት። የፍሪጁ ማጣሪያ ጣዕምና ክሎሪን ይቀንሳል እንጂ ጀርም አይገድልም። በረዶ ማድረግም አይገድለውም።

ቱቦው ሩብ ኢንች ነው፣ ለመጠጥ ውሃ የተሰራ መሆኑን ጠይቂ። በስለታም ምላጭ ቀጥ ብሎ ይቆረጥ፣ በመቀስ ከተቆረጠ አፉ ይጨፈለቅና ያፈሳል። ማያያዣው ውስጥ እስኪቆም ከተገፋ በኋላ ወደ ኋላ ሳብ አድርጊው፣ ካልወጣ ይዟል። ቴፍሎን ለብረቱ ጥርስ ነው፣ የሩብ ኢንቹ ቱቦ ተገፍቶ ለሚገባበት የፕላስቲክ ማያያዣ አያስፈልግም። ከፍሪጁ ጀርባ አንድ ሁለት ሜትር ትርፍ ቱቦ ተጠቅልሎ ይቀመጥ። ያለዚያ ለጽዳት ፍሪጁን ስትስቢ ቱቦውንም ትነቅይዋለሽ።

ሲገናኝ የመጀመሪያውን ከ10 እስከ 15 ሊትር ውሃ ቅጂና ድፊ፣ አዲስ ማጣሪያ ጥቁር ዱቄት ያወጣል። የመጀመሪያውን ቀን በረዶም ጣይው። ማጣሪያው በየ6 ወሩ ይቀየራል። ወንድምሽ ሲመጣ ሁለት ይዞልሽ ይምጣ።

ሳልረሳው፣ ጀርባው ላይ የተለጠፈውን ቮልት አንብቢ። ሳዑዲ ድሮ ቤት ውስጥ 127 ቮልት ይጠቀሙ ነበር። እቃው የቆየ ከሆነና 220 የሚል ከሌለበት እኛ ሶኬት ላይ እንዳትሰኪው።

ፍሪጁ አሁን መብራት ላይ ከሆነ ደግሞ ውሃው እስኪገናኝ የበረዶ መስሪያውን አጥፊው። ከጀርባ በየተወሰነ ሰዓቱ እዝዝ ይላል ያልሽው ድምፅ ከእሱ ሊሆን ይችላል። ቫልቯ ውሃ ፍለጋ ባዶዋን እየተከፈተች ነው።