ከአርኤምሞድ በኋላ ድርቅ የሚለው ማሽን

ጥያቄህ ባጭሩ፦ ለሙቀት ሴንሰር የሊኑክስ ድራይቨር ጽፈሃል፤ ከርነሉ (የሥርዓቱ እምብርት) ላይ የሚጫን ሞጁል ነው። የተጫኑ ሞጁሎችን የሚዘረዝረው ኤልኤስሞድ 0 ተጠቃሚ ይላል፤ ሞጁል የሚያወጣው አርኤምሞድም ምንም ሳይል ያወጣዋል። 5 ሰከንድ ሳይሞላ ግን ከርነሉ የፔጅ ፎልት (የሌለ ሜሞሪ የመንካት) ስህተት ጽፎ ይደርቃል። ጓደኛህ ሞጁሉ ሲጫን በሚሠራው ኢኒት ውስጥ ትራይ ሞጁል ጌት (የሞጁሉን የተጠቃሚ ቆጣሪ ከፍ የሚያደርግ ጥሪ) ጨመረልህ። አሁን ሞጁሉ አልወጣም ስላለ በግድ፣ በ«-ኤፍ» ታወጣዋለህ።

ወንድሜ፣ መጀመሪያ እሷን «-ኤፍ» ተዋት። ዳታ ያለበት ማሽን ላይ በፍጹም! ሙከራህን ቨርቹዋል ማሽን ላይ አድርግ።

«5 ሰከንድ» ስትል ነው ነገሩ የገባኝ። እዚያው ቢሞት ኖሮ ሞጁሉ ሲወጣ የሚጠራውን ኤግዚት ፈንክሽን እጠረጥር ነበር። ቆይቶ ከሞተ ግን ቀጠሮ የያዘ ነገር አለ። ሴንሰሩን እያነበበ ራሱን መልሶ ወረፋ የሚያስገባ ዲሌይድ ወርክ (ቆይቶ እንዲሠራ የተቀጠረ ሥራ) አለህ አይደል? ከርካሽ ሴንሰሮች ጋር የሚመጣውን የናሙና ኮድ አውቀዋለሁ፤ ኤግዚቱ «ቻው» ብሎ ከማተም ሌላ ሥራ የለውም።

የጓደኛህ ጥገና ለምን እንደማይሠራ ልንገርህ። ሞጁሉን ሊፈርስ እንዳለ ቤት አስበው። ውስጥ ሰው መኖሩን መቁጠር ያለበት በር ላይ የቆመ ዘበኛ ነው። እንግዳው ራሱ ሳሎን ደርሶ «ቁጠሩኝ» የሚል ከሆነ፣ ከደጃፍ እስከ ሳሎን ሲሄድ ግድግዳው ይናድበታል። ሲወጣም «ሄጃለሁ» ብሎ ገና ጫማውን ሲያስር ጣራው ይወርድበታል። በድሮ የሊኑክስ ከርነሎች ሞጁሎች ቆጣሪያቸውን ራሳቸው ከፍና ዝቅ ያደርጉ ነበር፤ ጣጣው ይኸው ነበር። ዛሬ የድራይቨሩ ኦፕን (ዲቫይሱ ሲከፈት የሚሠራው) ከመጠራቱ በፊት ከርነሉ ራሱ ይቆጥራል። ለዚህ ነው ፋይል ኦፐሬሽንስ (የድራይቨሩ ጥሪዎች ዝርዝር) ላይ «ኦውነር»ን፣ ማለትም ባለቤቱን ሞጁል፣ የምንሞላው። ታዲያ ዘበኛው የሚያየው በበር የገባውን ብቻ ነው። ወረፋ ላይ ያለችው ወርክ በበር አልገባችም፤ ማንም አይቆጥራትም። ሰዓቷ ሲደርስ ከርነሉ የወጣውን ኮድ ሊጠራ ሄዶ ይወድቃል።

ስለዚህ የጓደኛህን መስመር አጥፋው። እሱ እያለ ኤግዚትህ በሰላም አይጠራም። ኤግዚት ውስጥ በመጀመሪያ ዲቫይሱን ከመዝገብ የሚሰርዘው ሚስክ ዲሬጂስተር፣ ማንም አዲስ ሥራ እንዳያስገባ። ቀጥሎ ካንሰል ዲሌይድ ወርክ ሲንክ፤ ወረፋ ላይ ያለውን ይሰርዛል፣ እየሮጠ ያለውንም እስኪያልቅ ይጠብቃል። «ሲንክ» የሌለውን እንዳትጠቀም፤ በመሮጥ ላይ ያለውን አይጠብቅም፣ እሱም ራሱን መልሶ ወረፋ ያስገባል። ሜሞሪ የሚለቀው ኬፍሪ መጨረሻ ላይ ነው።

ከዚያ በአንድ ተርሚናል ዲቫይሱን ከፍተህ ያዝ፣ በሌላው አርኤምሞድ በል። «በሥራ ላይ ነው» ብሎ እምቢ ካለህ ኦውነሩ ልክ ነው። ያኔ በ«-ኤፍ» እንዳትገፋው፣ አደራ። ፋይሉን ዝጋና ሎድ አንሎዱን (መጫንና ማውጣቱን) 100 ጊዜ በሉፕ አስኪደው፤ ባወጣኸው ቁጥር 6 ሰከንድ ጠብቅ፣ ስህተቱ በ5 ሰከንድ ውስጥ ይመጣ ነበርና።