«ዳሌዬን አመመኝ» ላላችሁ፦ ጥያቄና መልስ ከሐዋሳ

ጠዋት ጠዋት በፍቅር ሐይቅ ዳር ከሚሮጡት አንዷ ነኝ። ሙያዬ ፊዚዮቴራፒ ነው። ስፖርት ስትሰሩ ዳሌና ብሽሽታችሁን ለሚያማችሁ ጥያቄ ላኩልኝ ብዬ ነበር፤ ብዙ መጣልኝ። አንድ ነገር አስቀድሜ ልለምናችሁ። «ዳሌዬን» ሲሉኝ አንዱ ብሽሽቱን ይነካል፣ አንዷ የጭኗን ጎን፣ ሌላው መቀመጫውን። የተለያየ ሕመም ነው። መጀመሪያ የሚያማችሁን ቦታ በአንድ ጣት ፈልጉት።

«ኳስ ስመታ ጭኔን በውስጥ በኩል፣ ብሽሽቴ አጠገብ ይወጋኛል። ሁለት ሳምንት አርፌ ተመለስኩ፤ ያው ነው። ወጌሻ ይሸኝ?»

በጀርባህ ተኛና ጉልበትህን እጠፍ። በጉልበቶችህ መሃል ጡጫህን አስገብተህ ጭመቀው። ያው ሕመም ከመጣ የተጎዳው ጭንን ወደ ውስጥ የሚስበው ጡንቻ ሳይሆን አይቀርም። ዕረፍት ሕመሙን ያስታግሳል እንጂ ጡንቻውን አያጠነክረውም። የተመለሰብህ ለዚህ ነው። በጡጫህ ፋንታ ኳስ አድርግና 10 ሰከንድ ጨምቀህ ልቀቅ፤ ሕመሙ ቀላል እስከሆነ ድረስ በየቀኑ ደጋግመው። ሲሻልህ «ኮፐንሃገን» ወደሚባለው እንቅስቃሴ እለፍ፦ በጎንህ ትተኛለህ፣ የላይኛውን እግር ጓደኛህ ይይዝልሃል፣ አንተ ወገብህን ከመሬት ታነሳለህ። በኖርዌይ ይህንን እንቅስቃሴ በሠሩ ቡድኖች የብሽሽት ችግር 41 በመቶ ቀንሶ ታይቷል። ወጌሻውን ግን ተው። አዲስ የተጎዳ ጡንቻ በኃይል ሲታሽ ይብስበታል።

«ጂም ስኳት ስወርድ ብሽሽቴ ውስጥ ቆንጠጥ ያደርገኛል። ሁዳዴ ላይ ስሰግድም እንደዚያው።»

እንዲህ ያለ ሰው የት ነው ስለው በአንድ ጣት አያሳየኝም። አውራ ጣቱን ከኋላ፣ ሌሎቹን ጣቶች ከፊት አድርጎ ዳሌውን እፍን አድርጎ ይይዘዋል። ያኔ መገጣጠሚያውን እጠረጥራለሁ። የጭን አጥንቱ ጭንቅላትና የሚገባበት የዳሌ ጎድጓዳ ሲገጥሙ ጠርዝ ለጠርዝ ይነካካሉ፤ ጉልበት ወደ ደረት ሲጠጋ ደግሞ ይባስ። ስኳቱን ከመቆንጠጡ በፊት አቁመው። እግርህን ሰፋ፣ ጣቶችህን ወደ ውጭ መለስ አድርገህም ሞክረው። «ይፍታታ» ብለህ ጉልበትህን ወደ ደረትህ አትጎትት፤ ያንኑ ቦታ መልሰህ እየቆነጠጥከው ነው። ለስግደቱም ጎንበስ ብለህ የምትችለውን ያህል ይበቃል። በርጩማም ለጊዜው ይቅርብህ፤ ቡናውን ወንበር ላይ ጠጣ።

«ለ10 ኪሎ ሜትር እየተዘጋጀሁ ነው። መጀመሪያ ብሽሽቴን ስሮጥ ብቻ ነበር የሚያመኝ፤ አሁን ስራመድም፣ ሌሊትም ያመኛል። ጾም ላይ ነኝ፤ የወር አበባዬም ከቀረ ሦስት ወሩ ነው።»

እህቴ፣ ከዛሬ ጀምሮ አትሩጪ። ያስፈራኝ ጥያቄ ይሄ ነው። እርግዝና አለመሆኑን አረጋግጪ፤ ካልሆነ የምፈራው የጭን አጥንትሽ አንገት ላይ ስንጥቅ እንዳይሆን ነው። አጥንት በየሩጫው ጥቃቅን ጉዳት ይደርስበታል፤ ራሱን ለመጠገን ምግብና ሆርሞን ይፈልጋል። የምትሮጪውን ያህል ካልበላሽ ሰውነትሽ ወጪ ይቀንሳል። የወር አበባውን ያስቀራል፣ የአጥንቱንም ጥገና ያጓትታል።

አንዲት ሯጭ «ጡንቻ ነው» እያለች ዲክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ እየዋጠች ስትሮጥ ከርማ፣ እኔ ጋ ስትመጣ ግድግዳ ተደግፋ ነበር የገባችው። ክኒኑ ሕመሙን ሸፈነው እንጂ ስንጥቁን አልደፈነውም። ስንጥቁ ሰፍቶ አጥንቱ ከተላቀቀ ቀዶ ጥገና ነው የሚጠብቅሽ።

ስለዚህ በአንድ እግር ዘለሽ አትሞክሪው፤ ክራንች ያዢና በዚህ ሳምንት ታዪ። ራጁ ንጹህ ነው ቢሉሽም ሕመሙ ካለ አትዘናጊ፤ ገና ሲጀምር በራጅ ላይታይ ይችላል። ኤምአርአይ ያሳየዋል። ጾምሽን ፍቺ አልልሽም፤ ለታመመ ሰው የሚባለውን ንስሐ አባትሽን ጠይቂ። ምስሩን፣ ባቄላውን፣ ለውዙን፣ ሰሊጡን ግን አብዢ፤ በሰዓቱ ጠግበሽ ብዪ።

«እናቴ 63 ዓመቷ ነው። ጉልበቴን ትላለች፤ ጉልበቷ ታይቶ ምንም አልተገኘም። ጫማዋን ማድረግ አቅቷታል።»

የዳሌ መገጣጠሚያ ሕመም ብዙ ጊዜ ጉልበት ላይ ይሰማል። ጫማ ማድረግና የእግር ጥፍር መቁረጥ ካቃታት ዳሌዋ ይታይላት፤ ምናልባት መገጣጠሚያውን የሚሸፍነው ልስልሱ አጥንት ሳስቷል። መራመዱን አታስተዪያት። ታቦር ተራራ መውጣቱ ይቅርና ሐይቁ ዳር ሜዳ ሜዳውን ትሂድ። ምርኩዙን ደግሞ በማያማት ጎን ትያዝ። ብዙዎች በሚያመው በኩል ነው የሚይዙት፤ ክብደቱን ከዳሌው ላይ በደንብ የሚያነሳው ግን በሌላኛው እጅ ሲያዝ ነው።

«የጭኔ ጎን ያመኛል፤ በዚያ ጎን መተኛት አልቻልኩም።»

ጣትሽ ጎን ላይ ያለውን ጉብታ አጥንት ካገኘ፣ የመቀመጫ ጡንቻዎች ጅማት ነው። በጉልበቶችሽ መሃል ትራስ አድርገሽ ተኚ። እግር ማነባበርና በአንድ እግር ተደግፎ መቆም ተዪ።

«ብረት ሳነሳ ብሽሽቴ ላይ እብጠት ይወጣል፤ ስተኛ ይጠፋል።»

ቡአ ይመስለኛል። ሐኪም እስኪያይህ ብረቱን አቁም። እብጠቱ አልመለስ ብሎ ከጠነከረ፣ ካመመህና ካስታወከህ ግን ሳታድር ሆስፒታል ሂድ።

«ልጄ 13 ዓመቱ ነው። ከኳስ መልስ ያነክሳል፤ ጉልበቴን ይላል። አድጎ ይተወዋል ይሉኛል።»

አትጠብቁ። በዚህ ዕድሜ የጭን አጥንቱ ጭንቅላት ከቦታው ሊንሸራተት ይችላል፤ እንዲህ ሲሆንም ሕመሙ ጉልበት ላይ ሊሰማ ይችላል። ኳሱንም ሳይክሉንም ያቁም፤ በእግሩ አታስኪዱት፣ በባጃጅ ውሰዱት። የጉልበቱን ብቻ ሳይሆን የሁለቱንም ዳሌ ራጅ እንዲያነሱለት ጠይቁ።