«መለኪያው እያለ ለምን ቀስ እላለሁ?»

ሰሞኑን ጀልባ መንዳት የሚማር አንድ ወጣት «ጋሼ፣ የጥልቀት መለኪያው ፊቴ ተደቅኖ እያለ ለምን ቀስ ብዬ እሄዳለሁ?» አለኝ። «አንተ የተባልከውን አድርግ» ብዬ ዘጋሁት። ማታ ግን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ከብዙ ዓመት በፊትም አንድ ልጅ በዚሁ አነጋገር ዝም አሰኝቼ ነበር።

ያኔ ጀልባ ከተረከብኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። መንገደኞች ጭነን ወደ አንድ የወንዝ አፍ እየገባን ነው። ጊዜው መሽቷል፣ ባሕሩም በየቀኑ ሞልቶ እንደሚሸሸው እየሸሸ፣ ውኃው ዝቅ እያለ ነው። መለኪያው 2 ሜትር ይላል። እኔ ከጀልባው ሆድ በታች ያለው መስሎኝ ልቤ ሞላ። ለካ ቁጥሩ የሚቆጠረው ከውኃው ገጽ ጀምሮ ነው! ጀልባችን 1.2 ሜትር ውኃ ውስጥ ስለሚጠልቅ የቀረን 80 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነበር።

ከፊት የቆመው ረዳቴ ዞር ብሎ «አለቃ፣ የውኃው ቀለም ተቀየረ» አለኝ። «አንተ ሥራህን ሥራ» አልኩት። ወዲያው የጀልባው ኋላ ዝቅ አለ፣ የሚከተለን ሞገድ ከፍ አለ፣ መሪው እጄ ላይ ከበደ። ከውኃው ሥር ያለው መሬት ሲቃረብ ጀልባ የሚናገረው እንዲህ ነው፤ እኔ አልሰማሁትም። ግጭት የሚባል አልነበረም። ደለሉ ለስለስ አድርጎ ያዘን። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እውነት ነው።

ያን ጊዜ ሞተሩን ማጥፋት፣ ውኃ እየገባ እንደሆነ ማየት ነበረብኝ። እኔ ግን ወደ ፊት ነዳጅ ጨመርኩ። ከኋላችን ቡናማ ጭቃ እየፈላ ወጣ፣ ሞተሩ ማቀዝቀዣ ውኃ ብሎ የሳበው ጭቃ ሆነና ጋለ። ባሕር ለመሸሽ 6 ሰዓት ያህል ቢፈጅበትም እኩል እኩል አይሸሽም፤ ግማሹ የሚሄደው በ3ኛውና በ4ኛው ሰዓት ነው። እኛ የተያዝነው እዚያው መሐል ላይ ነበር። ጀልባው እየተጋደመ ሄደ፣ መንገደኞቹ ውኃው እስኪመለስ ጎናቸውን ተደግፈው አነጉ።

ጠዋት ባለቤቱ ሲጠይቀኝ «ረዳቴ አላስጠነቀቀኝም» አልኩ። ልጁ አጠገቤ ቆሞ ሰማኝ፤ ቃል አልተነፈሰም። በሳምንቱ ከሥራ ተሰናበተ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

እኔን ያስተማሩኝ ሽማግሌ ጥልቀቱን ለማወቅ ከእርሳስ ብረት የተሠራ ቱንቢ በገመድ ይጥሉ ነበር። ከሥሩ ሞራ ይቀቡታል፤ ሲወጣ ሞራው ላይ የተጣበቀውን በጣታቸው አሽተው «አሸዋ ነው፣ ግባ» ወይም «ጭቃ ነው፣ ቆይ» ይሉኛል። የዛሬ ልጆች ግን ዓይናችሁን ከስክሪን አትነቅሉም፤ ይህ ያናድደኛል። ደግሞ መጠየቅ አትፈሩም፤ ይህን እኛ አልነበረንም።

ወደ ጥያቄው ልመለስ። መለኪያው የሚነግርህ አሁን ከበታችህ ያለውን እንጂ ከፊትህ ያለውን አይደለም። ቀስ የምትለው ቁጥሩ ማነስ ሲጀምር ለመቆም ጊዜ እንዲኖርህ ነው። ቁጥሩም ከየት ተነስቶ እንደሚቆጠር ሳታውቅ አትነሣ። ጥልቀት ስትገምት ዓይንህን አትመን፤ ጥርት ያለ ውኃን ከላይ ቁልቁል ስታየው ከእውነተኛ ጥልቀቱ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ መስሎ ይታያል። ግን የቀለም ለውጥ ካየህ መለኪያውን ተወውና ዓይንህን እመን። የማታውቀው ቦታ የምትገባው ደግሞ ውኃው እየሞላ ሳለ ይሁን፤ ብትያዝ እንኳ ባሕሩ ራሱ ያነሣሃል። በ2021 እ.ኤ.አ. በስዊዝ ቦይ የተቀረቀረችው 400 ሜትር የምትረዝም ኤቨር ጊቨን የተባለች የጭነት መርከብ እንኳ ከ6 ቀን በኋላ የተላቀቀችው ደለሉ ተቆፍሮ፣ በጎታች ጀልባዎች ተስባ፣ የባሕሩም ሙላት አግዟት ነው።

ነገ ጠዋት ለዚያ ወጣት እደውልለትና ይህን ሁሉ እነግረዋለሁ፤ የልጁንም ነገር ጭምር።