ሚኒሞ ላይ ብልጭ የሚል ቀይ የዘይት መብራት፦ ዘይት ከማወፈርህ በፊት ግፊቱን አስለካ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ላላዩት ባጭሩ ልድገመው። እ.ኤ.አ. የ1990ዎቹ ኮሮላ ነው፣ 5ኤ ሞተር። ከአዲስ አበባ በፍጥነት መንገዱ ወርደህ አዳማ መግቢያ ክፍያው ጋ ተሰልፈህ ስትቆም፣ ሞተሩ በሚኒሞ (ቤንዚን ሳይረገጥ በዝቅተኛ ዙር) ሲዞር፣ ቀዩ የዘይት መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፤ ቤንዚን ትንሽ ስትሰጠው ይጠፋል፤ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ጨርሶ አይታይም። ዘይቱ ልኩ ላይ ነው ብለሃል። ጋራዥ ደግሞ "ወፍራም ዘይት አድርግበት፣ ይተዋል" ብለውሃል።

የዘይቱ ግፊት በማኖሜትር (በግፊት መለኪያ) ሳይለካ ይህን አታድርግ። ወፍራም ዘይት መብራቱን ሊያጠፋው ይችላል፤ መብራቱን ያበራውን ችግር ግን እዚያው ይተወዋል፣ አንተም ማስጠንቀቂያህን ታጣለህ።

ያ ቀይ መብራት የዘይት መጠን አያይም፤ የሚያየው ግፊት ነው። ሞተር ብሎኩ ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከፊልትሮው ብዙ ሳይርቅ፣ አንድ ሽቦ ብቻ ያላት ቡልቦ (የግፊት ማብሪያ ማጥፊያ) አለች። ግፊቱ ከ0.2 ወይም ከ0.3 ባር በታች ሲወርድ መብራቱን ታበራለች፤ ይህ ማለት ሲበራ የቀረው ግፊት ከምንም አይቆጠርም። ስለዚህ እየነዳህ፣ ሞተሩ ዙር ይዞ ሳለ ከበራ ዳር ይዘህ ወዲያው አጥፋ። "እስከ ሞጆ ልድረስ" አይባልም፤ ብሮንዚና (የሞተሩ ዋና ዘንግ የሚዞርበት ስስ ብረት) በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። ያንተው ሞቆ ሚኒሞ ላይ ብቻ ስለሆነ ለመመርመር ጊዜ አለህ፣ ግን ሳምንታት አይደለም። ሞተሩ በራሱ ጠፍቶ የዘይቱና የባትሪው መብራት አብረው ከበሩ መብራታቸው ብቻውን የዘይት ችግር ምልክት አይደለም፤ ሞተሩ ስለማይዞር ነው። ቢጫው ቼክ ኢንጅን ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው።

ልኩን እንዴት እንዳየኸው አልጻፍክም። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁም፣ ሞተሩን አጥፋ፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ጠብቅ፣ ሊቬሎውን (የዘይት መለኪያ ዘንጉን) አውጥተህ ጠርገህ መልሰህ አስገባና አውጥተህ አንብብ። ይህ ሞተር ፊልትሮ ጭምር ሲቀየር የሚወስደው 3 ሊትር አካባቢ ነው። ዘይቱ የሚሸጠው በ4 ሊትር ጄሪካን ስለሆነ ብዙ ሰው ጨርሶ ይገለብጠዋል። ከላይኛው ምልክት ሲያልፍ ክራንክ ሻፍቱ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ዘይቱን እንደ እንቁላል እየመታ አረፋ ያደርገዋል፣ የዘይት ፖምፓውም አየር ይስባል። ከረጅም የ100 እና የ120 ጉዞ በኋላ ቆመህ መብራቱ ሲበራ ምክንያቱ ይህም ሊሆን ይችላል። ትርፉን አውጣው፤ ነጻ ጥገና ነው።

ሊቬሎው ላይ ያለውን ዘይት በሁለት ጣትህ አሸው፣ አሽትተውም። ቤንዚን ከሸተተና ከቀጠነ እሳት የማይሰጥ ካንዴላ ወይም የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር አለ፤ መጀመሪያ እሱን አሠራ፣ ከዚያ ዘይቱን ቀይር። ወተት የነካው ቡና ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፤ የቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጋስኬት እስኪታይ አትንዳው። ጥቁር መሆኑ ብቻውን በሽታ አይደለም። ፀሐይ ላይ ስታዞረው ወርቃማ ብናኝ ካብለጨለጨብህ ግን ብሮንዚናው እየተበላ ነው።

ቀጥሎ ቡልቦዋን ፈትሽ። ቁልፉን ክፈት፣ ሞተሩን አታስነሳ፤ መብራቱ መብራት አለበት። ሽቦዋን ንቀል፤ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ ሽቦው የሆነ ቦታ ተልጦ ቦዲ ነክቷል፣ ሞተሩ ምንም አልሆነም። መሰኪያዋ ውስጥ ዘይት ካገኘህ ቡልቦዋ ታፈሳለችና ቀይራት።

ዋናው ሥራ ልኬቱ ነው። ቡልቦዋ ትፈታና በእሷ ቀዳዳ ማኖሜትር ይገጠማል። ጥርሱ ወደ ጫፉ እየጠበበ የሚሄድ ዓይነት ስለሆነ በጉልበት አይጠበቅም፤ ብሎኩ ሊሰነጠቅ ይችላል። ሞተሩን የራዲያተሩ ፋን ሁለት ጊዜ ተነስቶ እስኪያቆም አሙቀው፤ ቀዝቃዛ ሞተር ላይ የተወሰደ ቁጥር ጥቅም የለውም። ለነዚህ ትንንሽ የቶዮታ ሞተሮች ሚኒሞ ላይ ቢያንስ 0.5 ባር፣ በ3000 ዙር ከ2.5 እስከ 5 ባር ይጠበቃል።

ሚኒሞው 0.5 እና ከዚያ በላይ ሆኖ መብራቱ ብልጭ ካለ ጥፋቱ የቡልቦዋ ነው፣ በርካሽ ተገላገልክ። ሚኒሞ ላይ ዝቅ ብሎ በ3000 ጥሩ ከሆነ ሚኒሞው ራሱ ከ750 ዙር በታች እንዳልወረደ እይ፤ እሱ ደህና ከሆነ ዘይቱ ቀጥኗል ወይም ብሮንዚናው ሰፍቷል። ሁለቱም ዝቅ ካሉ ፖምፓው፣ የግፊት መልቀቂያ ቫልቩ ወይም የፖምፓው ወንፊት ነው። በ3000 ይዘህ ስታቆየው ቀስ በቀስ ከወረደና አጥፍተህ ስታሳርፈው ከተመለሰ ወንፊቱ ተደፍኗል።

ወንፊቱን ትንሽ ላብራራው፣ ብዙ ጊዜ የሚዘለል እሱ ነው። ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) ወርዶ በማስቲሽ (በማሸጊያ ማጣበቂያ) ተመልሶ የታሰረ መኪና ከሆነ፣ ማስቲሹ በዝቶ ከተቀባ ሲጠበቅ ግማሹ ወደ ውስጥ ይጨመቃል። ደርቆ እንደ ጎማ ቁራጭ ይረግፍና ከጥቁሩ ዝቃጭ ጋር ወንፊቱ ላይ ይለጠፋል። ኮፓው ሲወርድ እያንዳንዱን ቁራጭ ልቀም፣ ወንፊቱን በቤንዚን እጠብና በአየር ንፋው። ሲመለስ ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር የሆነ አንድ መስመር ማስቲሽ ይበቃል፤ የብሎን ቀዳዳዎቹን በውስጥ በኩል ዞሮ ይለፍ። ዝቃጭ ያለበት ሞተር ላይ "ፍላሽ" (በማጠቢያ ፈሳሽ የውስጥ እጥበት) አታስደርግ፤ የተነሳው ቆሻሻ በአንዴ ወንፊቱን ይዘጋዋል።

ኮፓው ወርዶ ሳለ አንድ የፒስቶን ዘንግ ክዳን አስፈትተህ ብሮንዚናውን እይ። ግራጫና ለስላሳ ከሆነ ደህና ነው። መዳብ ቀለም ብቅ ካለበት፣ ወይም በብሮንዚናውና በክራንክ ሻፍቱ መካከል ያለው ክፍተት ሲለካ ከ0.08 ሚሊሜትር ካለፈ፣ ዘይት መቀያየር አይረዳህም፤ ብሮንዚና ትቀይራለህ፣ ክራንክ ሻፍቱም ተለክቶ ካስፈለገ ይሞረዳል። ፖምፓው ደግሞ ከፊት ክራንክ ሻፍቱ ላይ ስለሆነ ታይሚንግ ቺንጋው (ቀበቶው) ሳይወርድ አይደረስበትም፤ እዚያ ከተደረሰ ቺንጋውንና የፊቱን ፓራውሊ (ዘይት የሚያግድ ጎማ) አብረህ ቀይር፣ የጉልበት ዋጋ ሁለቴ እንዳትከፍል።

ስለ ዘይቱ፣ በአዳማ ሙቀት 15-40 (ጄሪካኑ ላይ 15W-40 የሚል፤ ቁጥሩ የዘይቱን ውፍረት ያሳያል) ለዚህ ሞተር ተስማሚ ነው። 20-50ም ሞተሩን አይጎዳም፤ ተለክቶ ብሮንዚናው ትንሽ እንደሰፋ ከታወቀና ለጊዜው ሞተር ለማውረድ አቅም ከሌለ ተገቢ ምርጫ ነው። ከሱ የወፈረ አትጨምር፣ ጠዋት ሲነሳ ቴስታታው ላይ ለመድረስ ይዘገያል።

ተሠርቶ ሲገጠም መጀመሪያ የካንዴላ ገመዶቹንና የኢንጀክተሮቹን ሶኬት ነቅለህ መብራቱ እስኪጠፋ በሞተሪኖ (በማስነሻው) አዙረው፤ በአንዴ ከ10 ሰከንድ በላይ አትያዘው። ከዚያ አስነስተህ አሙቀውና ያንኑ ማኖሜትር እንደገና አስገጥመህ ሁለቱንም ቁጥሮች ጻፋቸው። ከመጠገኑ በፊት የነበሩትን ቁጥሮችም ከነሱ ጋር እዚህ ብትልክልኝ ቀጣዩን አብረን እናያለን።